ከቤት ውጭ ማድ ቤት ሁለት ጊዜ ሠራሁ፣ እናንተ አንዴ ብቻ ሥሩ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ከቤታችን ጀርባ አራት በአምስት ሜትር የምትሆን ቦታ አለች፣ ድሮ የባህር ዛፍ ፍልጥ እንከምርባት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያች ላይ ማድ ቤት ከነሥጋ መጥበሻው ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ሠራሁ። አፈረስኩ። እንደገና ሠራሁ። አሁን ዘመድ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው? ስንት ፈጀብህ?» ይለኛል፣ ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው የሲሚንቶ ዋጋ ነገ ያስቃል። መጠኑን ግን እነግራችኋለሁ፣ እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ማታ ማታ ቪዲዮ አያለሁ። አንድ ፈረንጅ ቁምጣ ለብሶ፣ ሰፊ ሣር ላይ ቆሞ፣ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ሥጋ ያገላብጣል። ጣራ የለ፣ ግድግዳ የለ። ልቤ እዚያው ቀረ። የሰውየው አገር ዝናብ ስንት ወር እንደሚዘንብ ማን ይጠይቅ! ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቱ ሰኔ ላይ ገብቶ መስከረምን ይነካል፣ በረዶ ይቀላቅላል፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ደግሞ ጋቢ ደርበውም አይቻል። ቁምጣውን ሳይ እንኳ መንቃት ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን ያስጀመርኩት ሁዳዴ እንደገባ ነው፣ ለፋሲካ እንዲደርስልኝ። ግንበኛው ዛሬ ነገ ሲለኝ ከርሞ አርማታውን ያፈሰሰው ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀር ነው። በብሎኬት ቆሞ፣ ላዩ በአርማታ ተደፍኖ፣ መሀሉ ላይ ለከሰል የሚሆን ጎድጓዳ ተትቶለት፣ በሲሚንቶ ተለስኖ ቁጭ አለ። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ።

የፋሲካ ዕለት የዋሸራ በግ ታርዷል፣ ጎድኑን በአዋዜና በጥብስ ቅጠል አሽቼ ፍሙ ላይ ደረደርኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ «ጧ!» አለ። ልጆቹ ርችት መስሏቸው ሳቁ። ሁለተኛው ሲጮህ የጥፍር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ስባሪ ሥጋው መሀል አረፈ። ሦስተኛው ባለቤቴን ክንዷ ላይ አገኛት። ሥጋውን አንስተን ቤት ውስጥ ብረት ምጣድ ላይ ጨረስነው፣ እየበላንም ጥርሳችን ላይ ቋ የሚል ነገር ስንፈልግ ነበር።

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ። ገና ዘጠኝ ቀኑ የሆነ አርማታ ውስጡ ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ደግሞ እንደ ፈንዲሻ ፈንድቶ ይወጣል። አርማታ በደንብ የሚጠነክረው 28 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው፤ ግን ዓመት ቢቆይም ለፍም ቀጥታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የከሰል ፍም ከ600 ዲግሪ ያልፋል፣ ተራ ሲሚንቶ ደግሞ የዚያን ግማሽ ካለፈ በኋላ እየተሰነጣጠቀና እየፈረፈረ ይሄዳል። ከወንዝ ለቅማችሁ የምታመጡት ድቡልቡል ድንጋይም ያው ነው፣ ውሃ ጠጥቶ የኖረ ስለሆነ እሳት ዳር ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል። ጥቁሩ የካባ ድንጋይ ለመሠረትና ለውጭው ገጽታ ይሁን፣ እሳቱ የሚነካው ቦታ ላይ ግን አይግባ።

ሌላው የከፍታው ነገር ነው። ጠረጴዛውን 90 ሴንቲ ሜትር ያደረግኩት ቪዲዮው እንደዚያ ስላለ ነው። እማ ሰባዎቹ ውስጥ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ምጣዷን እዚያ ላይ አውጥቼ «በይ እማ፣ ከእንግዲህ በዘመናዊ ነው» አልኳት። ሦስት እንጀራ አወጣች። አራተኛውን ልታሰፋ ስትል ወገቧን ይዛ ዞር አለችና «ልጄ፣ ቅዳሴ ነው እንዴ የምታስቆመኝ?» አለችኝ።

እንዲያም ሆኖ ላፈርሰው አልቆረጥኩም ነበር። የጨረሰው የሰኔ ዝናብ ነው። አንድ ቀን እየጋገረች ሳለ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ፣ እኔ ላስቲክ ፍለጋ ስሮጥ ምጣዱ እንደጋለ ውሃ አገኘው። ማታ ሲበርድ ተንበርክካ በጣቷ አንኳኳችው። ደህና ምጣድ ሲመቱት እንደ ደወል ይጠራል፣ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ደጋግማ አንኳኳችው። ራሷ ያሟሸችው፣ ስንት ዓመት በጎመን ዘር ያሰሰችው ምጣድ ነው። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መዶሻ አነሳሁ።

ሁለተኛውን ከመጀመሬ በፊት ግንበኛም አልጠራሁ፣ ሲሚንቶም አልገዛሁ። ሦስት ጉልቻ ይዤ ቦታዋ ላይ ስዞር ከረምኩ። አንድ ሳምንት እዚህ ጥግ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ጥግ፣ በዝናብም በፀሐይም ቡና አፈላንበት፣ ሽሮ ሠራንበት፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይባላል። ወጡን እንጃ፣ ዓይኔን ግን አድኖልኛል። ለካ እኛ ግቢ በጋ ላይ ንፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ዝናቡን ጭምር ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው መጥበሻ አፉ ወደ ምዕራብ ነበር፤ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ጭሱ ሳሎናችን የገባው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ፍሙን የገረፈው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ፦ ድንጋይ ከመጣላችሁ በፊት ቦታው ላይ አብስሉ። ቢቻል በጋም ክረምትም።

ግንባታው ጥቅምት ላይ ተጀመረ። ዝናቡ ወጥቷል፣ ጭቃ በወጉ ይደርቃል፣ እህል ገና ስላልታጨደም የቀን ሠራተኛ አይጠፋም።

ወለሉ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ውፍረቱ አሥር ሴንቲ ሜትር። ሥሩ በካባ ድንጋይ ተሞላ፣ ከግቢው መሬትም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው ያቦካነው፣ ስድስት ከረጢት በቅቶናል። በየአንድ ሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ቦዩ እንዲሄድ አድርጉት። ግንበኛው በውሃ ልክ ቀጥ ሊያደርገው ይፈልጋል፣ ሙያው ነው፣ አትፍቀዱለት። ቀጥ ያለ ወለል ላይ ውሃ ይተኛል። ከዚያ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ እሳቱ ቤት። ውጪው በብሎኬት ይሁን፣ ችግር የለውም። ውስጡ ግን ሸክላ ጡብ ነው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት ነው የለቀምኩት፣ ከመቶ ትንሽ ይበልጣል። በብሎኬቱና በጡቡ መሀል ሁለት ጣት ክፍት ተውኩ፤ ጡብ ሲግል ያብጣል፣ ቦታ ካላገኘ ውጪውን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጡቡን ያያያዝኩበት ጭቃ ደግሞ የሲሚንቶ አይደለም። ይህን የመከረችኝ ገበያ ላይ ምጣድ የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ናት። አዲስ ምጣድ ልገዛላት ሄጄ የደረሰብኝን ሳጫውታት ከልቧ ሳቀችብኝና «ይኸውልህ ወንድሜ፣ እሳት የሚያውቀው እሳት ያየ አፈር ነው፤ የተሰበረ ገል ወቅጠህ ጨምርበት» አለችኝ።

እማ የተሰነጠቀውን ምጣድ አልጣለችውም ነበር፣ ዶሮ ቤቱ ላይ ከድናው ነበር። ለምኜ ወሰድኩት። ሙቀጫ ውስጥ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ሦስት እጅ የሸክላ አፈር፣ ሁለት እጅ ገል፣ አንድ እጅ ደቃቅ አሸዋ፣ ትንሽ የጤፍ ጭድ ጣል አድርጌ ሁለት ቀን አቦካሁት። ገሉ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሸበሸብና እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። ጡቡን ከመደርደራችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አለበለዚያ የጭቃውን እርጥበት መጥጦ ሳይያያዝ ይቀራል። መጋጠሚያው ቀጭን ይሁን፣ ከትንሿ ጣት ውፍረት አይበልጥ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በጥላ አደረቅኩት፣ ቀጥሎ አምስት ቀን እየጨመርኩ ትንንሽ እሳት አነደድኩበት። የመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ቆረቆንዳ ብቻ። አሁን ዓመት አልፎታል፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አንድ ቦታ አለች፣ እሷንም በዚያው ጭቃ ደፍኛታለሁ።

የእሳቱ ቤት ውስጡ 70 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ አታስበልጡት። ትልቅ መጥበሻ ከሰል ይበላል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ብላችሁ በየሳምንቱ ትከፍላላችሁ። ሦስት ቦታ ላይ ጡቡን ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አወጣሁት፣ ፍርግርጉ እንደ መደርደሪያ ዝቅም ከፍም ይላል። ከፍሙ እስከ ሥጋው ዝቅተኛው 12፣ ከፍተኛው 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍሙን ደግሞ አንድ ጎን ብቻ ላይ እከምራለሁ፣ ሌላውን ጎን ባዶ እተዋለሁ። የበግ ጎድን ስብ ያንጠባጥባል፣ ስቡ ሲነድ ነበልባሉ ሥጋውን ያጠቁረዋል፤ ያኔ ወደ ባዶው ጎን ገፋ ነው።

ስለ ፍርግርጉ አንድ ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያውን ያሠራሁት ነጭ ከሚያብረቀርቅ የውሃ ቱቦ ነበር፣ አይዝግም ተብዬ። የሚያብረቀርቀው ዚንክ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ሲተነፍሱት ያሳምማል። ለአጥር የሚሸጠው የሽቦ ወንፊትም ያው ነው። እኔ አሁን የምጠቀመው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ፌሮ ነው፣ በያጅ በጣት ስፋት እያራራቀ የበየደው። ባለ ጥርሱ ፌሮ ስብ ይይዛል፣ ለመፈግፈግ አይመችም። ከሥጋ በፊት ባዶውን ፍም ላይ አቃጥሉት፣ ፈግፍጉት፣ ዘይት ቀቡት።

የእማ ጥግ ለብቻው ነው። ለእንጀራው «ምርጥ ምድጃ» የሚባለውን ገዛሁ፣ ያ ተገጣጥሞ የሚቆመውን። እሱስ የሲሚንቶ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነው፣ ግን የሚቀላቀልበት ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ሙቀቱን የሚችለው ለዚያ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሳስተያየው ፍልጡ ግማሽ ያህል ቀንሶልናል። ከኋላው ባለው የጭስ መውጫ ላይ ድስት ይጣዳል፣ ይህች ነገር ለኛ አገር ተመችታለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም፣ እንጀራው እስኪያልቅ ከኋላ ቀስ እያለ ይሠራል። ምጣዱ ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ይህን ልክ ያወጣችው ራሷ ናት፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ «እዚህ ጋ» አለች፣ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመርኩ። ለቆሞ መጥበሻው ደግሞ እንዲህ ለኩ፦ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክርናችሁን እጠፉ፣ ከክርናችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። ለኔና ለባለቤቴ መሀከለኛው 85 ሆነ።

ጣራ የግድ ነው። ቋሚዎቹ ባህር ዛፍ ናቸው፣ እግራቸውን ለምስጥ ብዬ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቻለሁ፣ ድንጋይ ላይ ነው የቆሙት እንጂ አፈር አይነኩም። ቆርቆሮው በዝቅተኛው በኩል 2 ሜትር ከ60፣ በከፍተኛው 3 ሜትር ከ20 ነው፣ ከፍ ያለው በመጥበሻው በኩል። ክፈፉ በዝናቡ ወገን 80 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሏል። በዚያው ወገን ብቻ ደረት የሚደርስ ግድግዳ አለ። ብርድ ነው ብላችሁ አራቱንም ጎን በሸራ እንዳትዘጉት። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ይህን ሁላችንም ሰምተናል፣ ብርዱ ሲጠና ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። አሸንዳው ውሃውን ወደ ሮቶ ያወርዳል፣ ዕቃ ማጠቢያው ከዚያ ይጠቀማል።

ማገዶ ላይ ብዙ አልልም። ለምጣዱ የደረቀ ባህር ዛፍ እንጠቀማለን፣ ለሥጋ ግን አልወደውም፣ ጭሱ የመድኃኒት ጣዕም ይሰጣል። ለመጥበሻው ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ በኩል የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚሠራ ከሰል አለ፤ ገበሬው ራሱ ተክሎ የሚያከስለው ስለሆነ የዱር ዛፍ ጨፈጨፍኩ የሚል ጸጸትም አይኖርባችሁ። እሳት ማያያዣ ፌስታል አታቃጥሉ፣ ቆረቆንዳ የሞላበት አገር ላይ ነውር ነው። ሥጋው ሊወርድ ሲል ፍሙ ላይ ሁለት ሦስት የደረቀ ወይራ ስባሪ ጣል ካደረጋችሁ፣ ጋን እንደሚታጠንበት ያለው ሽታ ጎድኑ ውስጥ ይገባል። ይህንን በነጻ ነው የነገርኳችሁ።

የሥጋ መጥበሻ የሚሠራ ሰው ሌላም ነገር ያስብ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲደመር ዓመቱ ግማሹ ጾም ነው። ሥጋ ብቻ አስቤ የሠራሁት የመጀመሪያው መጥበሻ ሁዳዴን ቢያይ ኖሮ ድመት ይተኛበት ነበር። አሁን ነሐሴና መስከረም ላይ ፍርግርጉ ላይ የማይጠፋው የበቆሎ እሸት ነው፣ ረመጡ ውስጥ ድንች ይቀበራል፣ ቃሪያና ቲማቲም ይጠበሳል። በእውነት ከሥጋው ይልቅ ለእሸቱ ነው ብዙ የነደደው።

ጽዳቱን አትናቁት። ስቡ የሚንጠባጠብበት አሮጌ ትሪ ከሥር አድርጉ፣ ያንኑ ማታ አውጥታችሁ አጽዱ፣ አጥንቱንም አርቃችሁ ቅበሩ። እኔ አንድ ማታ ሰንፌ አሳድሬው ጅብ የጓሮውን አጥር ገፍቶ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ አደረ። አመዱን ግን አትድፉት። የኛ አካባቢ አፈር አሲዳማ ነው፣ የጎመን መደብ ላይ ስስ አድርጋችሁ ብትበትኑት አፈሩን ያለዝበዋል።

የቀረኝ የአመድ መውጫው በር ነው። ከላሜራ እንዲሠራልኝ ለበያጁ ልኩን ከሰጠሁት ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ በደወልኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ነገ» ይለኛል። እስከዚያው አንድ የተረፈ ጡብ ደግፌበታለሁ፣ እማም ከወለሉ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ባየችኝ ቁጥር «እሱንስ ማን ይቆምበት ብለህ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።